የተሰባበረ እንግሊዝኛ አያናድደኝም

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው አስጎብኚ ለመሆን ደፋ ቀና ለምትሉ የጎንደር ልጆች ነው። እኔ ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ ጨርሼ አሁን ፒያሳ ቡናዬን የምጠጣ ጡረተኛ ነኝ። ጆሮዬ ግን ጡረታ አልወጣም። ከእንግዳ ጋር ስታወሩ እሰማለሁ። አንዳንዱ ያስቀኛል። አንዳንዱ ደሜን ያፈላዋል።

የተሰባበረ እንግሊዝኛ አያናድደኝም። «ዲስከስ አባውት» በሉ፣ «ሪተርን ባክ» በሉ፣ እንግዳው ይገባዋል። እሱስ «አመሰግናለሁ» ለማለት ምላሱ ሲተሳሰር አይታችሁ የለ? የሚያናድደኝ ያማረ መስሎ ሰውየውን የሚያሳስተው እንግሊዝኛ ነው።

ከሁሉ የከፋችው «የስ» ናት። እንግዳው ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሞ «ኢዝንት ኢት ኦፕን ቱደይ?» ይላችኋል። ዛሬ አይከፈትም እንዴ ማለቱ ነው። በእኛ ደንብ መልሱ «አዎ፣ አይከፈትም» ነው። እናንተም «የስ» ትሉታላችሁ። እሱ የሰማው «ክፍት ነው» የሚል ነው። እኛ አዎ ስንል የምንስማማው ከጠያቂው ጋር ነው። እነሱ ግን ጠያቂውን ትተው ነገሩን ነው የሚያዩት። ከተከፈተ «የስ» ነው፣ ካልተከፈተ «ኖ» ነው፣ ጥያቄው በአሉታ መጣ አልመጣ ለውጥ የለውም። «ዱ ዩ ማይንድ?»፣ ማለትም ቅር ይላችኋል ወይ፣ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ሴትዮ ፎቶ ላንሳችሁ ወይ ብላ በትሕትና በዚህ መንገድ ስትጠይቅ፣ ፈገግ ብላችሁ «የስ፣ የስ» ካላችሁ ቃል በቃል «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ማለታችሁ ነው። ካሜራዋን አንሥታ ፊታችሁን እያየች ግራ ትጋባለች። መላው ቀላል ነው። ነጠላዋን ቃል ትታችሁ ሙሉውን ተናገሩ። «ኢት ኢዝ ክሎዝድ» በሉ። «ፕሊዝ፣ ቴክ ኤ ፎቶ» በሉ።

ሌላው ጎንደርን «ካሜሎት ኦፍ አፍሪካ» ማለታችሁ ነው። በየብሮሹሩ ስለሚጻፍ ሁላችሁም በቃላችሁ ትይዙታላችሁ። ካሜሎት ንጉሥ አርተር ነበረበት የሚባል የተረት ቤተ መንግሥት ነው። ፍርስራሹ እንኳ ይህ ነው ተብሎ የተረጋገጠ ቦታ የለም። ዐፄ ፋሲል ግን እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡ ሰው ናቸው፤ ግንባቸውም ቆሟል። 900 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር አለ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብም አለ። በእጃችሁ የምትነኩትን ድንጋይ በሰው አገር ተረት ስም ስትጠሩት እንዴት አይከነክነኝም? ዩኔስኮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመዘግበው ስሙን አልለወጠም፤ «ፋሲል ግቢ» ነው ያለው።

የፋሲል መዋኛንም «ስዊሚንግ ፑል» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። እንግዳው የሆቴል ገንዳ ነው የሚታየው። ውኃው ከቀሃ ወንዝ እንደሚመጣ፣ ለጥምቀት እንደሚሞላና ካህናት እንደሚባርኩት ስትነግሩት ነው ነገሩ የሚገባው። ጥምቀትን «ኤፒፋኒ» ማለት ስህተት አይደለም፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 የመዘገበው በዚሁ ስም ነው። ግን ምዕራባውያን በጃንዋሪ 6 የሚያከብሩት ኤፒፋኒ በዋናነት የሰብአ ሰገል በዓል ነው። የእኛ ጥር 11 የዮርዳኖስ ጥምቀት ነው። ይህን ካልነገራችሁት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤውን ሲጠብቅ ይውላል።

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። የታሸገ ውኃ ስትሰጡ «ዩ ዎንት ሃይላንድ?» አትበሉ፤ ለእኛ የውኃ ስም ነው፣ ለእሱ ተራራማ አገር ነው። ባልንጀራችሁን ሁሉ «ማይ ብራዘር» እያላችሁ አታስተዋውቁ፣ እናትህ ስንት ወለደች ብሎ ይቆጥራል። እንግዳው ድንጋይ ሲያደናቅፈው ግን «ሶሪ!» የምትሏትን አትተዋት። እንዴ፣ አንተ ምን አደረግኸኝ ይል ይሆናል። ይበል። «አይዞህ» ለማለት ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኘሁላቸውም።

ከቲክቶክ የምትለቅሙትንም አጣሩ። «አይ ኩድንት ኬር ሌስ» ማለት ጨርሶ ግድ አይሰጠኝም ማለት ነው። ብዙ አሜሪካውያን «ንት»ዋን ውጠው «ኩድ ኬር ሌስ» ይላሉ። እነሱ ቢሉት የለመደ አፍ ነው ተብሎ ይታለፋል። እናንተ ስትሉት ግን አለማወቅ ተደርጎ ይቆጠርባችኋል። ፍርደ ገምድል ነው፣ ቢሆንም እንዲህ ነው።

የቀረው የሰዓት ነገር ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ እንግዳ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሣል። «ትዌልቭ» ካላችሁት እስከ ቀትር ይተኛል። ሹፌሩ ሆቴሉ በር ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይገተራል፣ ደባርቅም ሲደርሱ ቀኑ አልቋል፣ ጭቅጭቁም እናንተው ላይ ነው። ስለዚህ «ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ» በሉና የእኛንም የእነሱንም ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። ለሹፌሩም እንዲሁ።