የጎማ ዋጋ በስልክና በሱቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር፣ ከጎርጎራና ከወረታ የደረሱኝ ጥያቄዎች ባለቤቶቻቸው ቢለያዩም ጉዳያቸው አንድ ነው፤ በስልክ የሚታየው የጎማ ዋጋ ሱቅ ገብተው ከሚጠይቁት ጋር ለምን አይገናኝም የሚል። ጎማ ሕይወትን የሚሸከም ዕቃ በመሆኑ ለአንዳንዶቹ ረዘም ያለ መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በሃይሩፍ ሚኒባስ ከባሕር ዳር ጎንደር ሰው አመላልሳለሁ። አራቱንም ጎማ ልቀይር አስቤ እዚሁ ከተማችን ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። በኋላ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በቴሌግራም ያወጣውን ሳይ በአንድ ጎማ 1,500 ብር ቀንሶ አገኘሁት። የእኛ ከተማ ነጋዴዎች እየበዘበዙን ነው ወይስ የቴሌግራሙ ዋጋ ሐሰት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። በስልክዎ ያዩት አዲስ አበባ መጋዘን ደጃፍ ላይ የቆመ ጎማ ዋጋ ነው፤ የባሕር ዳሩ ሱቅ የነገረዎት ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ እጅዎ የደረሰ ጎማ ዋጋ ነው። እነዚህን ሁለት ዋጋዎች ማወዳደር የሚቻለው ሁለቱም ጎማዎች አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ማለትም በእርስዎ ቸርኬ ላይ ገብተው፣ ባላንስ ተሠርቶላቸውና ንፋስ ተሞልተው ሲታሰቡ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከአራት ጎማ የሚተርፈውን 6,000 ብር ይያዙና የሚከተለውን ይቀንሱበት። የማጓጓዣው ሒሳብ አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ለጫኝና አውራጅ የሚከፈል አለ፤ ከሌላ ቦታ የመጣን ጎማ ጎሚስታው የሚገጥምበትና ባላንስ የሚሠራበት ክፍያ አለ፤ ከሱቁ ቢገዙ ኖሮ ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በነጻ ወይም በቅናሽ የሚሠራልዎት ነበር። ጎማው እስኪደርስ መኪናዎ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የሚቀረው የሥራ ቀን ገቢ ከሁሉም ይበልጣል። ራስዎ አዲስ አበባ ወርደው ልግዛ ካሉ ግን ስሌቱን መጀመርም አያስፈልግም፤ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ተባብራችሁ አሥርና አሥራ ሁለት ጎማ በአንድ ጭነት የምታስመጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ እውነተኛ ትርፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህንን መንገድ ከልቤ እመክራለሁ።

ከዋጋው በፊት ግን ጎማው ያው ጎማ መሆኑን ያረጋግጡ። ለእንደ እርስዎ ዓይነት ሚኒባስ በብዛት የሚገጠመው 195 አር 15 ሲ ሲሆን፣ ጎኑ ላይ 106/104 የሚል ቁጥር ይከተለዋል። ፊደሏ ‹‹ሲ›› ጎማው ለጭነት መኪና የተሠራ መሆኑን ትነግራለች፤ 106 ደግሞ አንዱ ጎማ ለብቻው 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። በአንጻሩ 195/65 አር 15 የሚለው የቤት መኪና ጎማ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 91 ነው፤ የሚሸከመውም 615 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሁለቱም ላይ 195 አለ፤ ሁለቱም ላይ 15 አለ፤ ሁለቱም ያንኑ ስፋት ያለው ቸርኬ ላይ ይገባሉ። በማስታወቂያ ላይ ‹‹195 በ15፣ አዲስ፣ ርካሽ›› ተብሎ ሲጻፍ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እኔም ከዓመታት በፊት በስልክ ተስማምቼ ያስመጣኋቸው አራት ጎማዎች የቤት መኪና ጎማ ሆነው ስለተገኙ፣ ለመመለሻው ከፍዬ ሻጩን ለሳምንታት ስለምን ኖሬያለሁ። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የጎማውን ጎን ከነሙሉ ጽሑፉ አቅርቦ የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቁ፤ ይህን የማይልክ ሻጭ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

የቴሌግራሙን ዋጋ ይዘው ወደ ከተማችን ሱቅ መመለስም ነውር የለውም። ‹‹አዲስ አበባ ይህን ያህል ይላል፤ ገጥመህ፣ ባላንስ ሠርተህ፣ በደረሰኝ ስንት ትለኛለህ?›› ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ሙሉውን ጥያቄ አንድ ጊዜ የጠየቀ ደንበኛ ከተከራከረ ደንበኛ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ከሐይቁ ዳር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ከአውሮፓ ተነሥተው አፍሪካን የሚያቋርጡ ባልና ሚስት መኝታና ማብሰያ ባለው መኪናቸው መጥተው ግቢዬ ውስጥ አርፈዋል። ሁለት የኋላ ጎማዎቻቸው ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። እነሱ ከአገራቸው በኢንተርኔት ያዩት ዋጋ እዚህ ከተነገራቸው እጅግ ያንሳል፤ ከዚያ እናስመጣ ይላሉ። ጎማቸው ላይ 225/75 አር 16 ሲፒ የሚል አለ፤ ጎንደርና ባሕር ዳር ያገኘሁት ግን ‹‹ሲ›› ብቻ ያለበትን ነው። ምን ልምከራቸው?

መልስ፦ ስለ እንግዶችዎ ይህን ያህል መጨነቅዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ጥያቄውም ሰፊ መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ‹‹ሲፒ›› የሚለውን እንይ። ይህ ምልክት በአውሮፓ ለእንዲህ ዓይነት የጉዞ ቤት መኪና ተብለው ለተሠሩ ጎማዎች የሚሰጥ ነው። የጭነት መኪና ሲያራግፍ ይቀልለዋል፤ ይህ መኪና ግን አልጋውን፣ ውኃውን፣ ምድጃውንና ጋዙን ተሸክሞ ስለሚኖር ቆሞም ቢሆን ጎማው ከጭነት አያርፍም። በዚህ ምክንያት የሲፒ ጎማ ጎኑ ጠንከር ተደርጎ ከፍ ያለ ንፋስ እንዲይዝ ይሠራል፤ በኋላ አክስል ላይ በነጠላ ሲገጠም የሚሰጠው ንፋስ በተለምዶ 5.5 ባር፣ ማለትም 80 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የእንግዶችዎ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ መሰነጣጠቁም አያስገርምም፤ የእነዚህ መኪናዎች ጎማ ሮጦ ከሚያልቅ ይልቅ ቆሞ ያረጃል።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። እንግዶችዎ በኢንተርኔት ያዩት ዋጋ በራሳቸው አገር እንኳን ሙሉ ዋጋ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የጎማው ብቻ ሲሆን፣ መግጠሚያው፣ ባላንሱ፣ አዲሱ ቫልቭና የአሮጌው ጎማ ማስወገጃ ለጎሚስታው ለየብቻ ይከፈላል። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ደግሞ የአየር ጭነቱ ይጨመራል። አየር መንገዶች የሚያስከፍሉት ከክብደትና ከመጠን በሚበልጠው ነው፤ በተለመደው ስሌት 6,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ይቆጠራል። የዚህ ጎማ ቁመት 74 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱም 22.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ሚዛን ላይ ቢቀልል እንኳን አንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ የጉምሩክ ቀረጥና ታክስ፣ የአስተላላፊ ክፍያ፣ ከአዲስ አበባ ጎርጎራ ማድረሻ፣ በመጨረሻም ዕቃው እስኪወጣ የሚያልፉት ቀናት ይከተላሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ዕቃውን የመመለስ መብት ቢኖረውም፣ ጣና ዳር ላለ ሰው ይህ መብት በተግባር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሁለት ጎማ ብለው ከአውሮፓ እንዲያስመጡ አልመክርም።

ከዚህ ከተገኘው ‹‹ሲ›› ጎማ ይገዙ ዘንድ ግን አራት ነገር መሟላት አለበት። መጠኑ ያው 225/75 አር 16 ይሁን። የመሸከም ቁጥሩ ከነበረው አይነስ፤ የነበረው 118 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,320 ኪሎ ይሸከማል ማለት ስለሆነ፣ 118 ወይም 121 ያለበትን ይፈልጉ፤ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ነው። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱን ሲፒ ሌላውን ሲ ማድረግ አይገባም። አራተኛው የንፋሱ ነገር ነው፤ የሲፒው 5.5 ባር በቀጥታ ለሲ ጎማ አይሰጥም፤ በአዲሱ ጎማ ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ሳያልፉ፣ መኪናው ሙሉ ዕቃውን እንደያዘ የኋላ አክስሉን አስመዝነው ለዚያ ክብደት የሚገባውን ይሙሉ። ተራው የላስቲክ ቫልቭ የሚችለው እስከ 4.5 ባር ያህል ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚሞላ ከሆነ የብረት ቫልቭ መግባቱን ጎሚስታውን ይጠይቁልኝ። ከፊታቸው የዓባይ በረሃ አለ፤ ከደጀን ወደ ታች ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፍሬን ሲደጋገም ቸርኬው ይግላል፤ ንፋሱ ያነሰና ጭነት የበዛበት ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በዚህ ሁሉ መሠረት ከተማችን የጠየቀቻቸው ዋጋ ከኢንተርኔቱ ቢበልጥም፣ ዛሬ በእጅ የሚዳሰስና ነገ የሚያስጉዝ ጎማ ዋጋ መሆኑን በትሕትና ያስረዱልኝ።

ጥያቄ፦ ለቤት መኪናዬ ጎማ በኢንተርኔት ስፈልግ ሻጩ በላከልኝ ፎቶ ላይ 2417 የሚል ቁጥር አየሁ። በ2017 ዓ.ም. የተመረተ አዲስ ጎማ ነው ብዬ ልገዛ ስል ወንድሜ ‹‹ቆይ ጠይቂ›› አለኝ። ከሱቁ በጣም ይረክሳል።

መልስ፦ ወንድምዎ ትልቅ ውለታ ውሏል። አራቱ አኃዞች የምርት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ ዓመቱ ግን በእኛ ሳይሆን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 2417 ማለት የ2017 እ.ኤ.አ. 24ኛ ሳምንት፣ በእኛ ሰኔ 2009 ዓ.ም. ማለት ነው። አዲስ የመሰለዎት ጎማ መጋዘን ውስጥ ከስምንት ዓመት በላይ የተቀመጠ ነው፤ የረከሰበትም ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ታዋቂው የጎማ አምራች ሚሽሊን ጎማ ከገጠሙት ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላውም ጥርሱ ደህና ቢሆን እንኳን እንዲቀየር ይመክራል። እንግዲህ ይህን ጎማ ቢገዙ የሚቀረው ዕድሜ ከሁለት ዓመት ያነሰ ነው። ዋጋውን ለሚቀረው ዕድሜ ቢያካፍሉት ከሱቁ አዲስ ጎማ የሚወደደው እሱ ሆኖ ያገኙታል።

የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሆን ብለው በዚህ የሚጠቀሙ ሻጮችም መኖራቸው ያሳዝነኛል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም፣ በፎቶው ላይ ካላዩት ሌላኛውን ጎን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ሱቅ ሲገቡም ይህንኑ ያድርጉ፤ በመደርደሪያ ላይ የሚያብረቀርቅ ጎማም ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ‹‹ከውጭ የመጣ፣ ያገለገለ፣ ጥርሱ ሰማንያ በመቶ›› የሚሉ ጎማዎች ከአዲሱ በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ። ለባጃጅና ለፒክ አፕ ይሆናሉ?

መልስ፦ ለፊት ጎማ በፍጹም አይሁኑ። ጥርስ በፎቶ ይታያል፤ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦና በጎኑ የተደፈነ ቀዳዳ ግን አይታይም። ያለቀ ጥርስ በቢላ ተቀርጾ አዲስ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ሱቅ ውስጥ ከሆነ ጎማው ከቸርኬ ወጥቶ ውስጡን በእጅዎ ዳስሰው ሊያዩት ይችላሉ፤ በስልክ ይህ አይቻልም፤ ስለዚህ ያገለገለ ጎማ በኢንተርኔት መግዛት በማንኛውም ዋጋ የሚመከር አይደለም። ለባጃጅ 4.00-8 የሆነው አዲስ ጎማ ከሁሉም በዋጋ ዝቅ ያለ ስለሆነ በእሱ ላይ መቆጠብ አይገባም።

ጥያቄ፦ ሱቁ ለአራት ጎማ በደረሰኝ 55,200፣ ያለ ደረሰኝ 48,000 ብር አለኝ። በኢንተርኔት ያገኘሁት 50,000 ነው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በ55,200ና በ48,000 መካከል ያለው ልዩነት በትክክል 15 በመቶ፣ ማለትም ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብዎት 55,200ን ከኢንተርኔቱ 50,000 ጋር ሲሆን፣ እሱም ታክስን የጨመረ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ‹‹ከቫት በፊት›› ከሆነ 57,500 ይመጣልና የሱቁ ይረክሳል። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥልዎትን እንዳይገዙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ጎማው በሳምንቱ ቢያብጥ ከዚያ ሱቅ መግዛትዎን የሚመሰክርልዎ ደረሰኙ ብቻ ነው፤ መኪናዎ የንግድ ከሆነም ወጪውን ለግብር የሚያስይዙት በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዋጋው እስኪረጋጋ ልጠብቅ ወይስ አሁን ልግዛ? መንገዴ ከወረታ ደብረ ታቦር ነው።

መልስ፦ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ከጭነት ጭነት ይለያያል፤ ስለዚህ በኢንተርኔት ያዩት ዋጋ የተለጠፈበትን ቀን መጀመሪያ ይመልከቱ፤ ከወር በላይ ከሆነው ደውለው ሳያረጋግጡ ሒሳብ አይሥሩበት። ጥርሱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ከቀረበ ግን ዋጋ የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል፤ ብዙ አገሮች ከዚህ በታች መንዳትን ይከለክላሉ። ክረምት ገብቶ የደብረ ታቦር ዳገት ሳይረጥብ፣ በግንቦት ውስጥ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ይቀይሩ፤ የኋላዎቹን ዋጋ ደግሞ እስከ መስከረም ድረስ በሱቅም በስልክም እየጠየቁ መጠበቅ የሚችሉት ጥርሳቸው ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ከቀረው ነው።