የአያቱን መቃብር ለሚፈልግ ልጅ

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ መዝገብ ቤት 30 ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሰሞኑን «አያቴ አርበኛ ነበር፤ የት እንደተቀበረ ማወቅ እፈልጋለሁ» እያላችሁ ቤቴ የምትመጡ በዝታችኋል። ደስ ብሎኛል። ግን አብዛኞቻችሁ አንድ ስም ብቻ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እሱ ብቻውን ሩቅ አያደርሳችሁም።

የዱሮ ሰው በአንድ ስም አልኖረም። ቤተሰቡ ያወጣለት የዓለም ስም አለው። ካህኑ ፍትሐት ሲያደርስ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ጦር ሜዳ ደግሞ በፈረስ ስሙ ወይም በቅጽል ስሙ ይታወቃል። በዚሁ በእኛ አገር ጣሊያንን የተዋጉትን ውብነህ ተሰማን አስቡ፤ «አሞራው» ካልተባለ ስንት ሰው ያውቃቸዋል? ስለዚህ ደብር ስትሄዱ የክርስትና ስሙን፣ የአርበኛነት ወረቀት ስትፈልጉ የዓለም ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ሽማግሌ ስትጠይቁ የፈረስ ስሙን ያዙ። የክርስትና ስሙን ሴቶቹን ጠይቁ፤ ተዝካሩን ደግሰው ያወጡት እነሱ ናቸው።

የራሴን ልንገራችሁ። ስለ እናቴ አባት «በጣሊያን ጊዜ ሞተ» ከመባሉ በቀር የሰማሁት አልነበረም። ሴት አያቴ ግን በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ካህናትና ጎረቤት ትጠራ ነበር። የሚካኤል ማኅበርተኛ ስለሆነች ማናችንም ሌላ ነገር አልጠረጠርንም። እሷ ካረፈች ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ጦርነቱ ሳነብ፣ ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው የጣሊያን ምሽግ ቁልቋል በር የወደቀው በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1941 መሆኑን አየሁ። ወደ እኛ ስመልሰው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ሆነ። ኅዳር ሚካኤል! ለካ የምትዘክረው የባሏን ሙት ዓመት ኖሯል። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ያስረከበው ከዚያ በስድስተኛው ቀን ነው።

የቀኑን ነገር አደራ። ፈረንጅ ወረቀት ላይ ያለውን 1941 እንደኛ አትቁጠሩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ነው።

ፍለጋው ያልጠበቃችሁትንም ሊያወጣ ይችላል። ቁልቋል በር ላይ ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የሞቱ ሐበሾችም ነበሩ። አያታችሁ ከዚያ ወገን ቢገኝ ወረቀቱን አትቅደዱት። እሱም እናት አለችው፤ እሱንም ያለቀሰለት አለ።

ሐውልት አትጠብቁ። እኔ እዚያ አካባቢ ካለ አንድ ደብር ሄጄ አንድ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ። አያቴን አያውቁትም። በዚያ ጊዜ የወደቁት አርበኞች በቅጥሩ ጥግ እንደተቀበሩ፣ በላያቸውም ሌላ ሰው እየተቀበረ እንደኖረ ከአባታቸው ሰምተዋል። ጥድ ሥር ወስደው አቆሙኝና የክርስትና ስሙን ብቻ ጠየቁኝ። ከአክስቴ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አውጥተው፣ በስሙ እየጠሩ፣ እዚያው ቆመው ጸለዩለት።