መብራቱ ይሮጣል፣ ቁልፉ ግን አይሰማም

ጥያቄ፦ አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ከፒን (ሽቦ ማገናኛ) 2 እስከ 7 ስድስት ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት) አገናኝቼ ተራ በተራ ይበራሉ። አቅጣጫ የሚቀይረው ቁልፍ ግን አንዳንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቁልፉ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ኮዱ ውስጥ ያለው የ«ዲሌይ» (የመጠበቂያ ትዕዛዝ) ነው። «ዲሌይ 200» ሲሉት ቺፑ 200 ሚሊሰከንድ ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ በዚያ መሃል ተጭነው ቢለቁ አያይም። በ«ሚሊስ» (ሰሌዳው ከተነሣ ጀምሮ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ የሚነግር ትዕዛዝ) ይተኩት፦ መብራቱ መጨረሻ የተቀየረበትን ጊዜ ይያዙ፣ ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) በዞረ ቁጥር ከአሁኑ ላይ ይቀንሱት፣ ልዩነቱ 200 ሲሞላ ወደሚቀጥለው ኤልኢዲ ይለፉ። ጊዜውን የሚይዘው ተለዋዋጭ «አንሳይንድ ሎንግ» (ከዜሮ የማያንስ ትልቅ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፤ «ኢንት» (ትንሽ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ከሆነ ቁጥሩ ሞልቶ ስለሚፈስ 32 ሰከንድ ገደማ ደህና ሠርቶ ድንገት ስድስቱም አንድ ላይ ፈዘው የበሩ ይመስላሉ። ቁልፉን «ኢንፑት ፑልአፕ» (ሳይጫን ንባቡን ከፍ አድርጎ የሚይዝ የፒን ቅንብር) ካደረጉት ሲጫኑት የሚነበበው «ሎው» (ዝቅተኛ) ነው። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲም 220 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገድብ) አይርሱ።