የስቲከር መቁረጫ ማሽንህን ማዘርቦርድ ከመቀየርህ በፊት ነጯን ጥብጣብ በጥፍርህ ዳብሳት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ከአራት ዓመት በፊት የደረሰብኝን ሌላ ሰው የጻፈልኝ መሰለኝ። የስቲከር መቁረጫህ በአንዱ ጠርዝ አልበጥስ ይላል፣ በሌላው ጠርዝ እስከ ሥረኛው ወረቀት ይበሳል፣ ረጅም ጽሑፍ ስትሰጠው ደግሞ ወደ ጎን እየሸሸ ይሄዳል። ጠጋኙም «ማዘርቦርዱ ነው፣ ይቀየር» ብሎሃል። እባክህ ይህን ሳታነብ አትቀይር። እኔ ቀይሬ አይቼዋለሁ፤ የወጣው ማዘርቦርድ ምንም ሳይጎድለው እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል።

ስለ ሶፍትዌርና ስለ ገመድ አላወራህም፤ ሥራው ውስጥ ስላለህ ታውቀዋለህ። በተራ ቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ከቢላዋው መመላለሻ ሥር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋች ቀጭን ጥብጣብ አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ናት። ማሽኑን አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ ከዚያ ጥፍርህን በላይዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፈው። ጥፍርህን የሚይዝ ቦይ ካገኘህ በሽታው እሱ ነው። ትንንሽ ሥራዎች ሁሉ ከአንድ ጠርዝ ስለሚጀምሩ ቦዩ የሚጠልቀው በዚያ በኩል ነው። ቢላዋው እዚያ ሲደርስ ስቲከሩ ከሥሩ የሚደግፈው ስለሌለ ወደ ቦዩ ይጎብጥና ሳይቆረጥ ያልፋል። ያን ጊዜ «ጉልበት አንሶት ነው» ብለህ ግፊቱን ትጨምራለህ። ጤነኛው ጎን እስከ ወረቀቱ ይበሳል፣ ቦዩም የባሰ ይጠልቃል። አሁን ያለኸው እዚህ ላይ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

2. ቢላዋው ከማቀፊያው ምን ያህል ወጥቷል? ተራ ስቲከር ወረቀቱ ሲነሳለት ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ የቢላዋው ጫፍ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ያህል ብቻ ብቅ ማለት አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማቀፊያውን ከማሽኑ አውጣና በእጅህ ይዘህ ቁራጭ ስቲከር ላይ ጫን አድርገህ ጎትተው። ስቲከሩ ተቆርጦ ወረቀቱ ላይ ስስ ጭረት ብቻ ከቀረ ልክ ነው። ግፊቱን ደግሞ ከዝቅተኛው ጀምረህ በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርግ። እኔ ግን «ቢወጣ ምን ይጎዳል» ብዬ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አውጥቼ ለወራት ሠራሁበት። ጥብጣቧን የቆፈርኳት እኔ፣ ማሽኑ ተበላሸ ብዬ የጮህኩት እኔ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይህ ነው።

3. ሦስተኛው ስቲከሩን ጨብጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚነዱት ባለ ጎማ ሮለሮች ነበር፤ ጥገና ቤቱ ያደረገኝን ሳልነግርህ ግን አላልፍም። ማሽኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ቆርጬ ያመጣሁትን ናሙና ዘረጋሁለት፤ «አስቀምጠው» አለኝ። «አንድ ጊዜ አብርተኸው ሲቆርጥ እንየው» ስለው «ባለሙያው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለ። ማሽኑን ሳያበራ፣ ክዳኑን ሳይከፍት «ማዘርቦርድ» ብሎ ጻፈ። የሁለት ወር ገቢዬን ከፍዬ ተቀየረ። ቤት አምጥቼ ብሞክረው ያው ነው፤ በአንዱ ጠርዝ ይዘላል፣ በሌላው ይበሳል። ተመልሼ ስሄድ «የምትጠቀምበት ስቲከር ርካሽ ነው» ተባልኩ። በሦስተኛው ጉዞዬ ደግሞ ክዳኑ በካቻቪቴ ተነክቷል፣ ዋስትናው ፈርሷል አሉኝ። የነኩት ራሳቸው ናቸው እኮ!

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የእጅ ባትሪ ይዤ ማሽኑ ሥር ተንበረከክሁ። መብራቱን ከጎን ሳበራበት ጥብጣቧ ላይ እንደታረሰ መሬት ጥላ ወጣ። አዲስ ጥብጣብ አስመጥቼ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀየርኳት፤ ማሽኑም አዲስ እንደገዛሁት ዕለት መቁረጥ ጀመረ። ስትቀይራት አሮጌው ሙጫ ተፍቆ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ቅሪት ካለ ጉብታ ይሆንብሃል። አዲሷንም ስትለጥፍ አትወጥራት። ከዚያ ወዲህ የአራት ጓደኞቼን ማሽን በዚሁ ጥፍሬ መርምሬአለሁ፤ ሦስቱ ላይ ጥፋቱ ያው ነበር።

ወደ ጎን መሸሹ የሮለሮቹ ጉዳይ ነው። ማታ ስትጨርስ የሮለሮቹን ማንሻ ከፍ አድርገህ ነው የምትሄደው? እኔ አላደርገውም ነበር። የሮለሩ ጎማ ቀንና ሌሊት ከሥሩ ካለው ብረት ጋር ተጫጭኖ ሲከርም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ እኩል አይነዳም። እያንዳንዱ ጎማ በትክክል ከሥሩ ካለው ሻካራ ብረት በላይ መቀመጡን እይ። በብረቱ ጥርስ ውስጥ ሙጫና ብናኝ ስለሚሞላ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል፤ የሽቦ ብሩሽ ግን ሻካራነቱን ሊበላው ይችላል። ጎማውን በቲነር እንዳትነካው! ነክቼው አብጦብኛል።

ስቲከሩ ሲገባ ጥቂት ከተጣመመ መጀመሪያ ላይ አታስተውለውም። በ30 ሳንቲ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር ያፈነገጠ ግን 3 ሜትር ላይ ሲደርስ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት የሥራውን ሙሉ ርዝመት ወደ ፊት አስወጥተህ መልሰው፣ ጠርዙ ከሮለሩ ሥር የሚሸሽ ከሆነ አስተካክለህ እንደገና አስገባው። ጥቅሉንም አስቀድመህ በእጅህ ፍታለት፤ ሞተሩ ሙሉ ጥቅል እየጎተተ ቀጥ ብሎ ሊሄድ አይችልም።

ክብ ፊደላት ላይ መነሻና መድረሻው አልገጥም ካለህ፣ እሱ ከጥብጣቧም ከሮለሮቹም የተለየ ነው። መጀመሪያ ማቀፊያውን ፈትተህ አጽዳ፤ አንዲት የስቲከር ፍርፋሪ ከገባች ቢላዋው በነጻነት አይዞርም። ቀጥሎ የቢላዋው ጫፍ ከመዞሪያው መሐል የሚርቅበት ልክ (ኦፍሴት የሚሉት) ቅንብሩ ውስጥ በትክክል መሞላቱን እይ፤ በብዙዎቹ የ45 ዲግሪ ቢላዋዎች 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ደህና ከሆኑ መመላለሻውን የሚጎትተው ቺንጋ ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ስታጸዳ አየር አትንፋበት፣ ፍርፋሪውን ወደ ኩሽኔታውና ወደ ሴንሰሩ ይገፋዋል፤ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። መመላለሻው ሐዲድ ላይም የማሽኑ መመሪያ ካላዘዘ በቀር ግራሶ አትቀባ። አቧራውን ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል።

ጥብጣቧን ዳብሰህ ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልኝ። ለጠጋኙ ደግሞ እሺታህን ከመስጠትህ በፊት ማሽኑን አብርቶ ሲቆርጥ ያየው እንደሆነ ጠይቀው።