የዕፅ ምርመራ በባሕር ዳርና በጣና ዳር፦ የት ይጠየቃል? ውጤቱስ እንዴት ይነበባል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱ አንድ ጉዳይ ላይ የሚሽከረከሩ ስለሆኑ አብረን አቅርበናቸዋል። የመለሱት የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት ሊቀጥረኝ ተስማምቶ «የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ውጤት በአምስት ቀን ውስጥ አምጣ» አለኝ። እዚህ ጤና ጣቢያ ብጠይቅ የለም ተባልኩ። ባሕር ዳር የት ልሂድ? ወይስ አዲስ አበባ ድረስ መውረድ አለብኝ? (ከሐሙሲት)

መልስ፦ አዲስ አበባ ላያስፈልግዎ ይችላል። ሚኒባስ ከመሳፈርዎ በፊት ግን ቀጣሪዎን በስልክ ያግኙ። ስንት ዓይነት ዕፅ እንዲታይ ይፈልጋሉ? የፈጣን ኪት ውጤት ይበቃቸዋል ወይስ የማረጋገጫ ምርመራ ይጨመርበት? ውል የገቡበት ላብራቶሪ አላቸው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ድካም ያስቀራል፤ ውል ያለው ድርጅት ከሌላ ቦታ የመጣ ወረቀት ላይቀበል ይችላል። ለውጭ አገር ቪዛ ከሆነማ ኤምባሲው የሰየማቸው ሐኪሞች ካልሠሩት ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ጤና ጣቢያው የለም ማለቱ አያስገርምም፤ ይህን ምርመራ በዚያ ደረጃ መጠበቅ አይገባም። ባሕር ዳር ሲገቡ ከግል የምርመራ ላብራቶሪዎችና ከግል ሆስፒታሎች ይጀምሩ። የመንግሥት ሆስፒታሎቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን በሪፈር የመጣ ሕመምተኛ የሚጎርፍባቸው ናቸውና ለቅጥር ወረቀት ቀዳሚ ምርጫ አይሆኑም።

አጠያየቅዎ ላይ ይጠንቀቁ። «የመድኃኒት ምርመራ አለ?» ካሉ ካርድ ክፍል ያለው ሰው የቲቢ መድኃኒት መላመድ ምርመራ ሊመስለው ይችላል። «በሽንት የሚሠራ የአደንዛዥ ዕፅ ስክሪኒንግ፣ ባለ አምስት ፓነል» (አምስት ዓይነት ዕፅ የሚያይ) ይበሉ፤ ከተቻለም ላብራቶሪው ራሱ ስልኩን ያንሣ። ከዚያ ኪቱ ዛሬ በእጃቸው እንዳለ፣ የአገልግሎት ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ፣ ፖዘቲቭ ቢወጣ ናሙናው ለማረጋገጫ ወዴት እንደሚላክ ይጠይቁ። በትንሽ ከተማ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ሳጥኑ ሳይጋመስ ጊዜው የሚያልፍ ኪት አለ።

ባለ አምስቱ የሚያየው ካናቢስን (ሐሺሽን)፣ ኮኬይንን፣ ኦፒየትን ማለትም ሞርፊንና ኮዴይንን፣ አምፌታሚንንና ፒሲፒ የተባለውን ዕፅ (ፌንሳይክሊዲን) ነው። ባለ አሥሩ እንደ ዲያዜፓም ያሉ ቤንዞዲያዜፒኖችንና ባርቢቹሬትን ይጨምራል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በባለ አሥሩ ፖዘቲቭ ቢወጣ ኪቱ አልተሳሳተም፤ መድኃኒቱን ነው ያገኘው። ስለዚህ መታወቂያዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ የሐኪም ማዘዣም ካለ እሱን ይዘው ይሂዱ፤ ናሙና ከመስጠትዎ በፊትም ያስመዝግቡ። ሽንት እንዲመጣ ብለው ሁለት ሊትር ውሃ አይጠጡ። ክሪያቲኒኑ (በሽንት የሚወጣው የሰውነት ተረፈ ምርት) በዴሲ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች፣ ስፔሲፊክ ግራቪቲውም (የሽንቱ ክብደት ከውሃ ጋር ሲነጻጸር) ከ1.003 በታች ከሆነ ናሙናው «የቀጠነ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀጣሪውም ድገም ይላል። አምስቱ ቀን እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። በዕፅ መመርመሪያ ስትሪፑ ላይ የሚታየው ደብዛዛ መስመር ያከራክረናል። አንዱ ፖዘቲቭ ሲለው ሌላው ኔጌቲቭ ይለዋል። (ከዘጌ)

መልስ፦ ኔጌቲቭ ነው። የክርክሩ ሥር የእርግዝና ስትሪፕ ልማድ ነው፤ እዚያ ሁለት መስመር ማለት «አለ» ነው፣ እዚህ ግን የተገላቢጦሽ። በዕፅ ስትሪፕ ቲ (T፣ የምርመራው መስመር) ላይ መስመር ከታየ፣ የቱንም ያህል ቢደበዝዝ፣ ዕፁ ከመቁረጫው መጠን (ፖዘቲቭ ለመባል መድረስ ካለበት) በታች ነው። ፖዘቲቭ የሚባለው ሲ (C፣ የመቆጣጠሪያው መስመር) ላይ መስመር ኖሮ ቲ ላይ ፈጽሞ ሲጠፋ ነው። ሲ ላይ ካልወጣ ምርመራው አልተሠራም፤ በሌላ ስትሪፕ ይደገማል።

ምክንያቱን አንድ ጊዜ ከያዙት አይምታታም። ስትሪፑ ውስጥ ቀለም የተሸከመ ፀረ እንግዳ አካል አለ። ሽንቱ ውስጥ ዕፅ ከሌለ ይህ አካል ሄዶ ቲ ላይ ከተለጠፈው ዕፅ ጋር ይጣበቅና መስመር ይሠራል። ዕፅ በብዛት ካለ ግን መንገድ ላይ ይይዘዋል፤ ቲ ዘንድ የሚደርስ ስለማይኖር ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አሠራር ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ስትሪፑ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ይነከራል፤ መጀመሪያ ከነፎይሉ የክፍሉን ሙቀት መያዝ አለበት። ፎይሉ ቀደም ብሎ ይቀደዳል፤ ሐይቅ ዳር፣ በተለይ በክረምት፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ተከፍቶ ያደረ ስትሪፕ ቀለሙ በትክክል አይፈስም። ሽንቱ ከቀስቱ ምልክት በላይ እንዲያልፍ ተደርጎ ይጠለቃል፤ ይህም ስሕተት ነው። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነክረው አግድም ያስተኙት፣ በ5 ደቂቃ ያንብቡት፣ 10 ደቂቃ ካለፈው አይመኑት። የአንዳንዱ አምራች ሰዓት ስለሚለይ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የበላይ ነው።

ናሙናው ለሥራ ጉዳይ ከሆነ ንባቡ ብቻ አይበቃም። ሽንቱን በተቀበሉ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ይለኩ፤ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልሆነ ከሰውዬው አሁን የወጣ ስለመሆኑ ጥያቄ ይነሣል። መጠኑ ከ30 ሚሊ ሊትር አይነስ። ለሁለት መክፈል ካስፈለገ 45 ተቀብለው 30ውን በአንድ፣ 15ቱን በሌላ ዕቃ ያድርጉ፤ ሁለቱንም ሰጪው እያየ ያሽጉ፣ በእሽጉ ላይም እሱ ራሱ ይፈርምበት። ናሙናው በውሃ እንዳይቀጥን የሽንት ቤቱን ቧንቧ መዝጋትና የመቀመጫውን ውሃ ማቅለም ክብር የሚነካ ነገር የለውም፤ አጠገቡ ቆሞ ከማየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ለሥራ ስመረመር «ኦፒየት ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ሞርፊን የሚባል አይቼም አላውቅ። መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን አቁሜ ልድገመው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንዳያቆሙ! የቲቢ መድኃኒት አቋርጦ መጀመር ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል፤ ለወረቀት ብሎ የሚደረግ አይደለም።

ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በአንዳንድ የኦፒየት ማጣሪያዎች ላይ የሐሰት ፖዘቲቭ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ሽንትዎ ብርቱካናማ መሆኑን አስተውለዋል አይደል? ያንን ያደረገው እሱ ነው፤ ናሙናውን የተቀበለው ባለሙያም ቀለሙን አይቶ «ምን ትወስዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እንደ ኦፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን ያሉ አንቲባዮቲኮችም ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው። በኤችአይቪ መድኃኒት በኩል ኤፋቪሬንዝ በአንዳንድ ኪቶች የካናቢስ ፖዘቲቭ ያስወጣል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚንና በጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን ደግሞ የአምፌታሚኑን መስመር ሊያጠፉ ይችላሉ። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ጠጥተው ከሆነ ግን ውጤቱ ሐሰት አይደለም፤ ኮዴይን ራሱ ኦፒየት ነው።

የኪቱን የመቁረጫ መጠንም ይጠይቁ። ለኦፒየት በገበያ ላይ በሚሊ ሊትር 300 ናኖግራም የሚይዙም 2,000 የሚይዙም አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ1998 እ.ኤ.አ. ከ300 ወደ 2,000 ከፍ ያደረጉት የፖፒ (ኦፒየም የሚገኝበት ተክል) ፍሬ ያለበት ዳቦ የበላና ኮዴይን የታዘዘለት ሰው ያለ ጥፋቱ እየተያዘ ስላስቸገረ ነው። ዝቅ ያለ መቁረጫ ብዙ ይይዛል፣ ብዙም ይሳሳታል።

አሁን ለቀጣሪው በጽሑፍ የማረጋገጫ ምርመራ ይጠይቁ። ይህ በስትሪፕ ሳይሆን በማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያ የሚሠራ፣ የሞለኪዩሉን ማንነት ለይቶ የሚያሳይ ነው፤ ናሙናው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዳር ይወጣል። የሚላከው ያው የመጀመሪያው ናሙና ይሁን። ከሳምንት በኋላ የሰጡት አዲስ ሽንት ኔጌቲቭ ቢሆን «በመሀል ጠርቶለት ነው» ይሉዎታል፤ ምንም አያስረዳልዎትም። ስለዚህ ላብራቶሪው የቀረውን እንዳይደፋው ዛሬውኑ ይንገሩ። ለጥቂት ቀን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ በረዶ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ከቲቢ ክሊኒክዎ ሪፋምፒሲን እንደሚወስዱ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም አያይዙ።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ፣ ጫት እቅማለሁ። ምርመራው ላይ ይታያል? (ከወረታ)

መልስ፦ ባለ አምስቱ ጫትን ብሎ የሚፈልግ መስመር የለውም። በጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ካቲኖን ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይለወጣል፤ ካቲንና ኖርኤፌድሪን የተባሉት ሌሎቹ የጫት ንጥረ ነገሮች ግን ሽንት ውስጥ ከዚያ ይቆያሉ፣ አሠራራቸውም ከአምፌታሚን ጋር ዘመድ ነው። አንዳንዱ ኪት ዘመዱን ለይቶ አያውቀውምና «አምፌታሚን ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል፤ ማረጋገጫው ይለየዋል። ቀድመው ያስመዝግቡ፤ ጫት በአገራችን በሕግ የተከለከለ አይደለም። የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርትና እንቅልፍ መሪ ላይ ሲያገኝዎ ምንም ስትሪፕ አያስጠነቅቅም።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ጠባዩ ተለውጧል። ኪሱ ውስጥ ባዶ የትራማዶል ማሸጊያ አገኘሁ። ሳያውቅ ሽንቱን ወስጄ ላስመርምር? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እናታችን፣ ባለ አምስቱን ቢያስመረምሩ ንጹሕ ነው የሚልዎት፤ እርስዎም በከንቱ ይጽናናሉ። ትራማዶል በፋብሪካ የሚቀመም የሕመም ማስታገሻ ስለሆነ ሞርፊንንና ኮዴይንን የሚፈልገው የኦፒየቱ ስትሪፕ አያገኘውም፤ የራሱ ስትሪፕ አለው፣ በስሙ ካልተጠየቀ አይሠራም። ቤንዚንና ማስቲሽ ማሽተትም በእነዚህ ኪቶች አይያዝም። ፖዘቲቭ ቢወጣም የሚነግርዎ ከጥቂት ቀን ወዲህ መውሰዱን እንጂ ሱስ እንደያዘው፣ ስንት እንደሚወስድ፣ ለምን እንደጀመረ አይደለም። ያ የሚገኘው ከእሱ አንደበት ነው፤ በስውር የተመረመረ ልጅ ደግሞ ሲያውቅ አፉን ይዘጋል።

ማሸጊያውን ያሳዩትና ያለ ቁጣ ይጠይቁት። ከዚያ አብራችሁ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ፤ ምርመራ ካስፈለገ ሐኪሙ ያዛል። በየቀኑ ብዙ ይወስድ ከነበረ በአንድ ጊዜ አያስቁሙት፤ ላብ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይመጣበታል፣ መጠኑን ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስለታል። ትራማዶል ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍም ያስከትላል። ጠርተውት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ምንም ምርመራ አይፈልጉ፤ በጎኑ አስተኝተው ያገኙት ባጃጅ ላይ ጭነው ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ በማኅበር የተደራጀን ጀልባ አንቀሳቃሾች ነን። ሰክሮ ወይም ዕፅ ወስዶ ጀልባ የሚነዳ እንዳይኖር ምርመራ ለመጀመር አስበናል። ከምን እንጀምር? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ከትንፋሽ መለኪያ። የሽንት ስትሪፑ ያለፈውን ነው የሚናገረው፦ ካናቢስ አንድ ጊዜ ለወሰደ ሦስት ቀን ያህል፣ በየቀኑ ለሚያጨስ ወር እና ከዚያም በላይ ሊታይ ይችላል፤ አምፌታሚንና ኮኬይን ከሁለት እስከ አራት ቀን። ሰውዬው ዛሬ ጠዋት ለመንዳት ብቁ መሆኑን አይነግራችሁም። አልኮልንም ባለ አምስቱ ጭራሽ አያይም፤ እናንተን ደግሞ የሚያሰጋችሁ ይበልጥ አረቄው ይመስለናል። የትንፋሽ መለኪያው የአሁኑን ይናገራል። ከመጨረሻው ጉንጭ ወይም ከአፍ መጉመጥመጫ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ የቀረውን አልኮል ለክቶ ያጋንናል። የሚነፋበት ቱቦ ለየሰው አዲስ ይሁን። መሣሪያው አምራቹ ባዘዘው ጊዜ ካልተስተካከለ ቁጥሩን አትመኑ።

የዕፁን ምርመራ ከጨመራችሁ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደሚመረመር፣ ፖዘቲቭ የሆነው ማረጋገጫ እስኪመጣ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አድርጉና ሁሉም ይፈርም። ቅጥር ሠራተኛ ካላችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ተመልከቱ፤ አንቀጽ 14 በበቂ ምክንያት የሚጠየቅን የጤና ምርመራ ሠራተኛው እምቢ እንዳይል ሲከለክል የኤችአይቪ ምርመራን ግን ነጥሎ ያወጣል። ሕግ የሚያስገድደው ምርመራ ወጪም የአሠሪው ነው። ናሙና ተቀባዩ ከማኅበሩ አባላት አንዱ አይሁን፤ ጥበቃውም አይሁን። በወር አንድ ቀን ቀጥራችሁ የጤና ባለሙያ ብታስመጡ፣ የቀኑን ዕጣም እሱ ራሱ ቢያወጣ፣ «እገሌን ፈልገው ነው» የሚል ሐሜት አይነሣም።