«አልተሰባበረባቸውም» የት የት ላይ ይቆረጣል?

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «እንስራው አልተሰባበረባቸውም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር የመጨረሻውን ቃል ወደ ምዕላድ፣ ማለትም የራሳቸው ትርጉም ወይም ሥራ ወዳላቸው ትንንሽ የቃል ክፍሎች፣ እንዲከፍሉ አዘዝኋቸው። ሁሉም «አል፣ ተሰባበረ፣ ባቸው፣ ም» ብለው ቆረጡት። አንዱ ልጅ ግን ተነሥቶ «ዶሮ 12 ብልት ከወጣች በኋላ ተመልሳ ዶሮ አትሆንም፤ ቃሉን ብንበትነው ምን እናገኛለን?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ምን ልበለው?

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ ልጁን አመስግኑልኝ። ዶሮዋ አትነሣም፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ብልት የምታወጣ ባለሙያ አጥንት አትከሰክስም። መገጣጠሚያውን ፈልጋ ነው የምትቆርጠው። ልጆችዎ ቢላውን ያሳረፉት አጥንት ላይ ነው፤ ያሳሳታቸውም ፊደላችን ነው።

ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አዋሕዶ ይጽፋል። «ባ» ለዓይን አንድ ናት፤ ውስጧ ግን «ብ» እና «ኣ» አሉ። በ«ባቸው» ላይ የሁለቱ ምዕላዶች ድንበር የሚያልፈው በዚችው ፊደል መሐል ነው። በምን ይታወቃል? ለዋውጦ በማየት ነዋ። አልተሰባበረብኝም፣ አልተሰባበረብህም፣ አልተሰባበረብንም ይበሉ። «ብ» ንቅንቅ አትልም፤ የሚቀያየረው ከኋላዋ ያለው ነው። አሁን ደግሞ «ኣቸው»ን እንዳለ ይተዉና «ብ»ን በ«ል» ይተኩ፦ አልተሰባበረላቸውም። ሰዎቹ እንስራው እንዲሰባበር ጓጉተው ነበር ማለት ሆነ! አንዲት ተነባቢ ጉዳቱን ወደ ምኞት ገለበጠችው። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ም የሚለያዩት በዚችው ነው። ሙግት የሚወድ የአገራችን ሰው ልዩነቷን ሳይማር ያውቃታል።

«ተሰባበረ»ም ገና አልተፈታም። ሥሩ ስ-ብ-ር ነው። ይህ ሥር ብቻውን አይነገርም፤ ሰበረ፣ ስብራት፣ ሰባሪ፣ ስባሪ እያለ አናባቢ ሲገባበት ነው ቃል የሚሆነው። «ተሰበረ» እና «ተሰባበረ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ የ«ብ» መደጋገም የራሱ ሥራ እንዳለው ይታያል፤ ነገሩ ብዙ ቦታ፣ ብትንትን ብሎ መሰበሩን ይነግረናል። ይህኛው ክፍል በሥሩ ውስጥ ስለተጠላለፈ በሰረዝ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። የ«ረ» አናባቢም ባለቤቱን ያመለክታል፤ ተሰባበረች፣ ተሰባበሩ ሲባል ይለወጣል።

«ም»ን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አሉታውን የሚሸከመው «አል» ነው፣ «ም» አጃቢ ነው። «ስላልተሰባበረባቸው» ሲባል «ም» ውልቅ ብሎ ይሄዳል፤ አሉታው ግን አለ። «እሱም መጣ» የሚለው «ም» ደግሞ መልኩ ቢመሳሰልም ሌላ ነው።

ቃልን ፈታቶ ማጥናት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚል ካለ፣ ለእናንተ ሩቅ ያልሆነውን የዲማ ጊዮርጊስን ወይም የዋሸራን የቅኔ ቤት ያስታውስ። የቅኔ ተማሪ ከግእዝ ግስ ጋር ዕድሜውን የሚፈጅ ሰው ነው። ግሱን ሁሉ በቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሤሰየ፣ ክህለ እና ጦመረ ቤት ይመድበዋል። ስምንቱን ካወቀ አዲስ ግስ ሲመጣበት አይደነግጥም፤ ቤቱን ይፈልግለታል። አምስቱን አዕማድ፣ ማለትም ድርጊቱን ማን በማን ላይ እንዳደረገው የሚለዩትን የግስ ቅርጾች፣ ደግሞ ይመልከቱ፦ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ሁሉም ከአንድ ሥር፣ ከድ-ር-ግ ተገንብተዋል። ስማቸው ራሱ ትምህርቱ ነው።

እንግዲህ ልጁ የሚያሸንፍበት ቦታ ላይ ደረስን። «ተሰበረ» ላይ ያለችው «ተ» ድርጊቱ በሌላ መፈጸሙን ታሳያለች። «ተቀመጠ» ላይስ? «ቀመጠ» የሚል ግስ የለንም፤ የተቀመጠውን ሰው ማንም ምንም አላደረገውም። ቢሆንም «አስቀመጠ» ስንል «ተ» ቦታዋን ለ«አስ» ትለቃለች። ስለዚህ ክፍል መሆኗ አይካድም፤ ትርጉሟ ግን እዚህ ደብዝዟል። «አስፈለገ» ከዚህም ይብሳል። የጠፋ በሬውን በጎረቤት ያስፈለገ ገበሬ «ፈለገ» ላይ «አስ» ቢደመር የምንጠብቀውን አድርጓል፤ ሌላ ሰው እንዲፈልግለት ልኳል። «ብር ያስፈልገኛል» ስንል ግን ብሩ ማንንም ወደ ፍለጋ አላሰማራም። ክፍሎቹን ደምረን እዚህ ትርጉም ላይ መድረስ አንችልም። ቃሉ እንደ ሙሉ ቃል የራሱን መንገድ ሄዷል፤ መዝገበ ቃላትም ለብቻው ሊፈታው ይገባል።

ጭራሽ የሚሰወር ክፍልም አለ። «ድምፁ ይሰማል» ሲባል «ተ» የት ገባች? «ሰ» ውስጥ ሟሙታ አጠበቀቻት። «ልጁ ይሰማል» ሲባል ግን፣ ሰሚው ልጁ ከሆነ፣ «ሰ» ላልታ ትነበባለች። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዓይን እዚህ አይረዳም፤ ጆሮ ነው የሚፈርደው። እኔ ብሆን ምዕላድ የማስተምረው ሰሌዳው ላይ ከመጻፌ በፊት ልጆቹን ጮክ ብለው እንዲያነቡ በማድረግ ነው።

ለሞጋቹ ልጅ አንድ የቤት ሥራ ይስጡልኝ። እናንተ አካባቢ «ሄድሁ» ይባላል፤ አዲስ አበባ «ሄድኩ» ይላሉ። «በላሁ» ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ይስማማሉ፤ «በላኩ» የሚል የአዲስ አበባ ልጅ አይገኝም። ለምን? ከ«ሁ» በፊት ያለውን ድምፅ ያዳምጥ።