መልስ፦ ስለ ወግ አጥባቂ ሴቶች የፖለቲካ ክበብ
እህቴ፣ አሜሪካ ያለችው ልጅዎ የተጋበዘችበት የሪፐብሊካን (የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ፓርቲ) ሴቶች ክበብ ምን እንደሚሠራና እኛም ደብረ ማርቆስ ላይ መሰሉን ማቋቋም እንችል እንደሆነ ጠይቀዋል። የየአካባቢው ክበቦች በ1938 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተመሠረተ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ሥር የታቀፉ ሲሆኑ፣ አባላቱ መዋጮ እየከፈሉ ይሰበሰባሉ፣ ዜጎች በመራጭነት እንዲመዘገቡ ያግዛሉ፣ ለፓርቲው ዕጩዎችም ይቀሰቅሳሉ፤ እኔን ከሁሉም ደስ የሚያሰኘኝ ግን ለአካባቢያቸው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማበርከታቸው ነው። ወንዶች በተባባሪ አባልነት ሊገቡ ይችላሉ።

በእኛ አገር የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ማኅበር እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን የሚመዘገበው በምርጫ ቦርድ ስለሆነ፣ ዓላማችሁን አስቀድማችሁ ለዩ። የጎጃም ሴቶች ዕድርና ማኅበር ሲመሩ የኖሩ በመሆናቸው፣ መዋጮ መሰብሰብና ስብሰባ መምራት አይቸግራቸውም ብዬ አምናለሁ፤ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው መተዳደሪያ ደንቡን መጻፍ ነው።